የስንዴ ዱቄት የማይገባበት የበርበሬ ስጎ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ በምግብ ዓምዳችሁ ላይ እቤት ውስጥ በአጭር ጊዜ ስለሚሠራ የሚያቃጥል ስጎ የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊዋ ሰው የሚበላውን ማጣፈጫ በገዛ እጁ ቢያዘጋጅ ይሻላል ማለታቸውን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ፤ የበርበሬውን አጠባበስና የነጭ ሽንኩርቱን መጠን በተመለከተ የጻፉትም የሚያስመሰግናቸው ነው። ይሁን እንጂ ስጎው እንዲወፍር አንድ የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት፣ ጣዕሙ እንዲጠልቅ ደግሞ ሁለት ማንኪያ የአኩሪ አተር ሶስ እንዲገባ ከመከሩ በኋላ ስጎው ለቤተሰቡ ሁሉ እንደሚስማማ ጽፈው መጨረሳቸውን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔ ቤት ያንን ስጎ አንድ ማንኪያ ብትበላ ለቀናት የምትታመም የ11 ዓመት ልጅ አለች።

ልጄ ሴሊያክ የሚባለው በሽታ እንዳለባት ከታወቀ አራት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ በፊት ሆዷ ይነፋ ነበር፤ ከእኩዮቿ እያነሰች ሄደች፤ ደም ማነስ አለባት ተብሎ የብረት መድኃኒት ብትወስድም ደሟ አልሞላ አለ። ምርመራው ተደርጎ ስንዴ፣ ገብስና ራይ የሚባለው እህል ከምግቧ ጨርሰው እንዲወጡ ሲነገረን ዳቦውን፣ ፓስታውንና ብስኩቱን በአንድ ቀን ከቤት አስወጣን፤ ከባዱ ሥራ ያለቀም መስሎን ነበር። ሆኖም ልጅቷ በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ሆዷን ይዛ ማልቀሷን አልተወችም። ምሳዋ ሩዝና እንቁላል፣ እራቷ ድንችና ሥጋ ነበር። ምኑ እንደሚያማት ጨነቀን፤ ባለቤቴ የምትበላውን ሁሉ በደብተር መጻፍ ጀመረ፤ ደብተሩም ላይ የሚያጠራጥር ነገር አልተገኘም።

አንድ ማታ ገበታ ሳነሣ ከሩዙ ሳህን አጠገብ ሁልጊዜ የምትቀመጠውን የስጎ ጠርሙስ አንሥቼ ልከድን ስል ጀርባዋ ላይ ያለውን ጽሑፍ አየሁት። ፊደሉ ከማነሱ የተነሣ መብራቱ ሥር ይዤ በስልኬ ካሜራ አጉልቼ ነው ያነበብኩት። ውኃ፣ በርበሬ፣ ስኳር፣ ኮምጣጤ፣ የአኩሪ አተር ሶስ ይልና ከዚህ ከመጨረሻው ቀጥሎ በቅንፍ ውስጥ አኩሪ አተር፣ ስንዴ፣ ጨው ይላል። ከፊት ለፊት የተሳለው አንድ ቀይ በርበሬ ብቻ ነበር። ባለቤቴ በደብተሩ ላይ ሩዙንና እንቁላሉን እየጻፈ ስጎውን አንድ ቀን እንኳ አልጻፈውም ነበር፤ እኔም ብሆን አልጽፈውም ነበር፤ ከዳር የምትጨመር አንዲት ማንኪያ ነገር ምግብ ናት ብለን አናስባትም። ጠርሙሱን ያመረተው ድርጅት የደበቀው ነገር የለም፤ ጽፎታል። እኛ ግን ስጎ ውስጥ ስንዴ ይኖራል ብሎ የነገረን ሰው ስላልነበረ ለማንበብ እንኳ አላሰብንም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሌላ ቤት ያለች እናት እንደኛ ወራት እንዳትፈጅ ነው።

ግሉተን ሊጥን የሚለጥጠውና አየር ይዞ እንዲነፋ የሚያደርገው በስንዴ ውስጥ ያለ የፕሮቲን ስብስብ ነው፤ ገብስና ራይም ተመሳሳይ ፕሮቲኖች አሏቸው። ሴሊያክ ያለበት ሰው ይህን ሲበላ የራሱ የሰውነት መከላከያ ተነሥቶ ትንሹን አንጀት ያጠቃል፤ ከምግብ ውስጥ ንጥረ ነገር የሚመጥጡት፣ እንደ ጣት ቆመው የሚገኙት ጥቃቅን የአንጀት ግድግዳ ክፍሎች እያጠሩ ይሄዱና ግድግዳው ልሙጥ ይሆናል። የልጄ ደም ብረት እየዋጠች ያልሞላው በዚህ ምክንያት ነበር፤ ብረቱ ይገባል፣ የሚቀበለው ግን የለም። በዓለም ላይ ከ100 ሰዎች አንዱ ገደማ ይህ በሽታ እንዳለበት ይገመታል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በሽታው እንዳለባቸው ሳያውቁ ይኖራሉ። ስንዴን ከበሽታው ጋር ያገናኘው ቪለም ዲከ የሚባል ኔዘርላንዳዊ የሕፃናት ሐኪም ነው፤ ጥርጣሬው ቀደም ብሎ የጀመረ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በኔዘርላንድ በነበረው የረኃብ ክረምት ዳቦ ሲጠፋ በሽታው ያለባቸው ሕፃናት ሲሻላቸው፣ ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም አብሮ ሲመለስ መታየቱ ሐሳቡን አጠናከረለት። ዛሬም ቢሆን የታወቀው ሕክምና ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው ነው።

«ትንሽ ብትቀምስስ ምን ይሆናል?» የሚለውን ጥያቄ ከዘመድ ከወዳጅ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ በክፋት እንደማይጠየቅም አውቃለሁ። መልሱ በቁጥር ሲነገር ቶሎ ይገባል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ያቋቋሙት ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ የሚባለው አካል አንድ ምግብ ከግሉተን ነፃ ነው እንዲባል በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን ሊኖርበት አይገባም ይላል፤ አውሮፓም አሜሪካም የሚሠሩት በዚሁ ልክ ነው። አንድ ቁራጭ ዳቦ ከ2 ግራም በላይ፣ ማለትም ከ2,000 ሚሊግራም በላይ ግሉተን አለው። እንግዲህ አንድ የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት የገባበት አንድ ብልቃጥ ስጎ ከዚህ ልክ ምን ያህል እንደሚርቅ አንባቢ ራሱ ያስላው። ዱቄቱ መፍላቱም አያድንም፤ ሙቀት ጀርም ይገድላል እንጂ ግሉተንን አያጠፋም።

ስጎ ውስጥ ስንዴና ገብስ የሚገቡበት መንገድ ብዙ ነው፤ ዱቄቱ ከሁሉም ለመታየት የሚቀለው ነው። አብዛኛው የአኩሪ አተር ሶስ የሚጠመቀው ከአኩሪ አተርና ከስንዴ ነው፤ በብዙ አሠራር ሁለቱ እኩል በእኩል ሊባል በሚችል መጠን ይገባሉ። ሲብላላ ፕሮቲኑ ስለሚሰባበር አይጎዳም የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን የተለመደው መመርመሪያ ያልተሰባበረ ፕሮቲን እንዲለካ የተሠራ በመሆኑ እንዲህ ባለ የተብላላ ነገር ላይ ውጤቱ እምነት አይጣልበትም፤ እኔም በልጄ አንጀት አልሞክረውም። ታማሪ የሚባለው የአኩሪ አተር ሶስ ብዙውን ጊዜ ስንዴ የለበትም፤ ቢሆንም አንዳንዱ ጥቂት ስለሚገባበት ሳይነበብ አይገዛም። ኮምጣጤን በተመለከተ ደግሞ ነጩ የተጣራ ኮምጣጤ፣ የፖምና የወይን ኮምጣጤ ችግር የለባቸውም፤ የብቅል ኮምጣጤ ግን ከገብስ የሚሠራ ስለሆነ መቅረት አለበት። የተዘጋጀ ሰናፍጭና የተፈጨ የቅመም ድብልቅ አንዳንዴ እንዳይጓጉል ወይም እንዲበረክት ዱቄት ይቀላቀልበታል። ጽሑፉ ላይ ስንዴ የሚል ቃል መጥፋቱም ብቻውን አያስተማምንም፤ ለምሳሌ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣችው የምግብ አለርጂ ሕግ ስንዴ በግልጽ እንዲጻፍ ሲያስገድድ ገብስን ግን አያስገድድም፤ የገብስ ብቅል በሌላ ስም ተጠቅልሎ ሊመጣ ይችላል። ይህን ሁሉ በየጠርሙሱ እያነበቡ መኖር አድካሚ ነው፤ ስጎውን ራስ መሥራት ግን እሳት ላይ ሩብ ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። እኔ ከዚያች ማታ በኋላ የሚያቃጥል ስጎ ገዝቼ አላውቅም።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ለአንድ መካከለኛ ብልቃጥ 150 ግራም ያህል ቀይ እርጥብ በርበሬ፣ 4 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ግማሽ የሚያህል ዝንጅብል፣ 2 የበሰሉ መካከለኛ ቲማቲሞች፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ግማሽ ብርጭቆ ወይም 120 ሚሊሊትር ያህል ነጭ ኮምጣጤ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ወይም ማር ይበቃል። እርጥብ በርበሬ ሲጠፋ ደረቁን ሙሉ በርበሬ ፍሬውን አራግፌ በሙቅ ውኃ 15 ደቂቃ እዘፈዝፈዋለሁ፤ የተፈጨውን የማልጠቀመው እህል ከሚፈጭበት ወፍጮ ወጥቶ እንደሆነ ማወቅ ስለማልችል ነው።

በርበሬው ከመከተፉ በፊት ማን እንደሚበላው ማሰብ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚያቃጥለው ፍሬው ይመስለዋል፤ ካፕሳይሲን የሚባለው የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር በብዛት ያለው ግን ፍሬዎቹ በተያያዙበት ነጭ የውስጥ ሥጋ ላይ ነው፤ ፍሬው የሚያቃጥለው ከዚያ ጋር ተነካክቶ ስለሚኖር ነው። ስለዚህ ለልጆች ስሠራ በርበሬውን በቁመቱ ሰንጥቄ ያንን ነጩን በማንኪያ ጫፍ ልጬ አወጣለሁ፤ ለባለቤቴ ስሠራ እተወዋለሁ። ይህን ስሠራ የላስቲክ ጓንት አደርጋለሁ። ካፕሳይሲን በውኃ አይሟሟም፤ በዘይትና በአልኮል ነው የሚሟሟው፤ በመሆኑም እጅን በውኃ ብቻ መለቅለቅ አያስለቅቀውም፤ ከሰዓታት በኋላ ዓይን ሲታሽ መዘዙ ይመጣል። ያለ ጓንት የከተፈ ሰው እጁን መጀመሪያ በጥቂት ዘይት አሽቶ ቀጥሎ በሳሙና ይታጠብ።

ወፈር ያለ ድስት በመካከለኛ እሳት ላይ ጥጄ ዘይቱ ሲሞቅ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን አግብቼ ሽታው እስኪወጣ ድረስ ብቻ አማስላለሁ፤ ነጭ ሽንኩርት ከጠቆረ መራራነቱ ከስጎው አይወጣም፤ ስኳር ቢጨመርበትም አይድንም። ቀጥሎ የቲማቲሙ ድልህ ይገባል፤ እሱን ሁለት ደቂቃ ያህል ዘይቱ ውስጥ እያሸሁ ቀይነቱ ወደ ጡብ ቀለም እስኪያደላ መጠበቅ ከጽሑፋችሁ ላይ የቀረ ቁም ነገር ነው እላለሁ። ሰዎች የአኩሪ አተር ሶስ የሚጨምሩት ጣዕም እንዲጠልቅ ነው፤ ያንን የጠለቀ ጣዕም የሚሰጠው ግሉታሜት የሚባለው ነገር ደግሞ የበሰለ ቲማቲም ውስጥ በብዛት አለ፤ ድልህ ሲሆን ይበልጥ ይከማቻል። ድልሁን በደንብ ያቁላላ ሰው ሶሱን አይፈልገውም። ከዚያ የተከተፈው በርበሬ ይገባል። በዚህ ጊዜ መስኮት ይከፈት፤ የሚነሣው እንፋሎት ጉሮሮ ይይዛል፤ አስም ያለበት ሰው ከወጥ ቤቱ ቢወጣ ይመረጣል። ሦስት ደቂቃ ካማሰልኩ በኋላ የተከተፈውን ቲማቲም፣ ጨውና ስኳሩን ጨምሬ ቲማቲሙ እስኪፈርስ አምስት ደቂቃ ያህል ከድኜ እተወዋለሁ፤ በመጨረሻ ኮምጣጤውን አፍስሼ ሌላ አምስት ደቂቃ አፈላዋለሁ።

ከእሳት ሲወርድ ወዲያው መፍጨት አደጋ አለው። ትኩስ ፈሳሽ ክዳኑ በተዘጋ ብሌንደር ውስጥ ሲገባ እንፋሎቱ ክዳኑን ገፍቶ ይወረውረዋል፤ የሚወረወረው ደግሞ በርበሬ ነው። ለብ እስኪል ጠብቄ፣ ብሌንደሩን ከግማሽ በላይ ሳልሞላ እፈጨዋለሁ። የላመ ስጎ የሚወድ በወንፊት ያጥልለው፤ እኔ የበርበሬው ልጣጭ ጥርስ ሥር ሲገባ ደስ ስለሚለኝ አላጠልለውም። ጨውና ኮምጣጤውን የማስተካክለው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ትኩስ ሳለ የሚቀመስ ስጎ ያሳስታል፤ ማቃጠሉ ሌላውን ጣዕም ሁሉ ይሸፍነዋል። ይህም ምክንያት አለው። ዴቪድ ጁሊየስ የሚባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ እንዳደረጉት፣ ካፕሳይሲን የሚነካው የነርቭ ተቀባይ ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ የሆነ ሙቀት የሚቀሰቅሰው ያው ተቀባይ ነው፤ ጁሊየስ በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። አፋችን እውነተኛውን ትኩሳትና የበርበሬውን ማቃጠል በአንድ በር ስለሚቀበላቸው ሁለቱ ሲገናኙ ይደራረባሉ። ምላሷ የተቃጠለ ልጅ ውኃ ብትጠጣ የማይበርድላት ደግሞ ቀደም ብዬ እንዳልኩት ካፕሳይሲን በውኃ ስለማይሟሟ ነው፤ ወተት ወይም እርጎ ይሰጣት።

አሁን ወደ ማወፈሩ ልመለስ፤ የደብዳቤዬ ጭብጥ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ከላይ በገለጽኩት መጠን የተሠራ ስጎ በቲማቲሙና በበርበሬው ሥጋ ብቻ ማንኪያ ጀርባ ላይ ተለጥፎ የሚቆይ ውፍረት ይኖረዋል፤ ከቀጠነም ሳይከደን ጥቂት ደቂቃ ማንተክተክ ይበቃዋል። እንደ ተገዛው ስጎ የሚያብለጨልጭና ከጠርሙስ ቀስ ብሎ የሚወርድ እንዲሆን የፈለገ ሰው ግን 1 የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በ2 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ የተፈጨውን ስጎ መልሶ እያሞቀ ያፍስስበት። ውኃው ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ ስታርች ትኩስ ነገር ላይ ደረቁን ከተበተነ ውጪው ወዲያው በስሎ ውስጡ ዱቄት የሆነ ጓል ይሠራል፤ ጓሉም በማማሰል አይፈርስም። ከፈላ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። ስታርቹን መጀመሪያ ላይ ከኮምጣጤው ጋር አድርጎ ለረጅም ጊዜ ማፍላት ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው፤ አሲድና ሙቀት ተባብረው ስታርቹን ይሰባብሩታል፤ ወፍሮ የነበረው ስጎም ተመልሶ ይቀጥናል። ብዙ ሰው በዚህ ተበሳጭቶ ወደ ስንዴ ዱቄቱ ሲመለስ አይቻለሁ፤ ጥፋቱ ግን የቅደም ተከተል እንጂ የበቆሎው አይደለም። እንዲያውም የበቆሎ ስታርች ከስንዴ ዱቄት ያነሰ መጠን ይበቃዋል፤ ጥሬ ዱቄት ዱቄት የሚል ጣዕምም አይተውም። ስለዚህ ግሉተን ለማይበላ ሰው ሲባል ሌላው የሚያጣው ነገር የለም፤ ስጎው ለሁሉም የተሻለ ይሆናል።

ስታርቹን ሲገዙ ግን ከግሉተን ነፃ የሚል ጽሑፍ ያለበትን እንዲመርጡ እመክራለሁ፤ በቆሎ ራሱ ችግር ባይኖርበትም ስንዴ በሚፈጭበትና በሚታሸግበት ቤት አብሮ ሊያልፍ ይችላል። ቤት ውስጥም ያው ነው። የእንጨት ማንኪያና የእንጨት መክተፊያ ስንጥቅ ውስጥ ሊጥ ይቀራል፤ የብሌንደር ላስቲክ ሥር ያለው ቦታ ተፈቶ ካልታጠበ የትናንቱን ይይዛል፤ በዚያው ሰዓት ጠረጴዛው ላይ የስንዴ ዱቄት የሚነፋ ሰው ካለ ዱቄቱ አየር ላይ ቆይቶ ድስት ውስጥ ይወርዳል። እኛ ቤት የልጄ ብልቃጥ ክዳኑ ላይ ቀይ ፕላስተር ተለጥፎበታል፤ ከእሱ በስተቀር የሌላ ሰው ማንኪያ አይገባበትም። ይህን ሥርዓት ያወጣነው አንድ ጊዜ ብልቃጡን ከፍቼ ስጎው ላይ የዳቦ ፍርፋሪ፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ፣ ተንሳፎ ስላገኘሁ ነው። እንግዳ ዳቦውን ነክሮ ኖሯል። ስጎውን ደፋሁት፤ ልጄ ቆማ ታየኝ ነበር፤ ምንም አልተናገረችም፤ በማግሥቱ ፕላስተሩን ይዛ የመጣችው ግን እሷ ናት።

ስለ ማቆየቱም ትንሽ ልበል፤ ጽሑፋችሁ ይህን ጨርሶ አላነሣውም። ኮምጣጤው የሚገባው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ የአሲድነት መለኪያው ወይም ፒኤቹ ከ4.6 በታች በሆነ ምግብ ውስጥ አያድግም፤ ስለዚህ 5 በመቶ የአሴቲክ አሲድ መጠን ያለውን ኮምጣጤ መምረጥና ኮመጠጠብኝ ብሎ መጠኑን አለመቀነስ ያስፈልጋል፤ መኮምጠጡ የበዛበት ሰው ስኳሩን ከፍ ያድርግ። በተቃራኒው አንዳንዶች ፈጣን ስጎ ነው እያሉ ጥሬ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ በዘይት ሞልተው ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ይህ በጣም አደገኛ ነው። ዘይት አየር ይከለክላል፤ ያ ባክቴሪያ ደግሞ አየር የሌለበትን ቦታ ነው የሚወደው፤ መርዙም ሽታና ጣዕም ላይኖረው ይችላል። እኔ ስጎዬን ለ10 ደቂቃ በተቀቀለ ትንሽ ብልቃጥ አድርጌ ሁልጊዜ ማቀዝቀዣ ውስጥ አኖረዋለሁ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንጨርሰዋለን። የተረፈውን በበረዶ መሥሪያው ጉድጓዶች ከፍዬ አቀዘቅዘዋለሁ፤ አንዷ ጉድጓድ ለአንድ ምሳ ትበቃለች።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ይህን አንብቦ የልጁን ወይም የራሱን ሕመም የሚጠረጥር ሰው ከምርመራው በፊት ስንዴ መብላቱን አያቁም። የደም ምርመራው የሚፈልገው ግሉተን ሲበላ ሰውነት የሚያመነጨውን ፀረ አካል ስለሆነ አስቀድሞ የተወ ሰው በሽታው እያለበት የለብህም ሊባል ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ስጎውን የመለወጡ ሥራ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የዝግጅት ክፍሉን የምለምነው ሁለት ትንንሽ ነገር ነው። በዓምዳችሁ በሚወጣ ማንኛውም የምግብ አሠራር ውስጥ ስንዴ፣ ገብስ ወይም የአኩሪ አተር ሶስ ካለ ከዝርዝሩ ሥር በአንድ መስመር ይገለጽ፤ ለአንባቢ የአንድ አፍታ ንባብ ነው፣ ለእኛ ቤት ግን የአንድ ሳምንት ጤና ነው። ሁለተኛው፣ የባለፈው ስጎ አሠራር በሚቀጥለው እትም እንዲታረም ነው። ለማረም እንዲመቻችሁ ቃሉን አብሬ ልኬያለሁ፦ «ለማወፈር 1 የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት» የሚለው «1 የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች፣ በ2 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ የተበጠበጠ፣ መጨረሻ ላይ የሚገባ» ተብሎ፣ «2 የሾርባ ማንኪያ የአኩሪ አተር ሶስ» የሚለውም «1 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ በዘይት በደንብ የተቁላላ፣ ጨው እንደ አስፈላጊነቱ» ተብሎ ይነበብ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ